ሦስተኛዋ

ሸምሱ አባ ፊጣ፣ አጂፕ ሰፈር ያለው፣
የመኪና ንድፉን በጠመኔ ሳለው፣
ሲሚንቶ ወለል ላይ፤ ወረቀት አልነበር።
የሐምሌ ዝናብ ግን፣ ሰተት ብሎ በበር፣
አፍንጫዋን አጠበ። «ይሁን» አለ ሸምሱ፣
«ውኃ ያውቅበታል የት እንደሚቀንሱ።»
እንዳጠረች ቀረች።

ሻንሲዋ ሆስፒታል የጣለው አልጋ ነው፤
ሞተሯ ሊሙ ላይ ገደል ገብቶ የዳነው
የነጋዴው ፊያት። ወንበሯ አንድ ብቻ፣
ከተዘጋ ሲኒማ ቤት፣ «፲፬» የሚል ቁጥሩ እንኳ ያልተፋቀ።
ኮፋኖዋን ዘቢባ፣ የሸምሱ ልጅ፣
ከዘይት በርሜል ቆርጣ ስትቀጠቅጥ
ጎረቤት ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጣ።

«ሦስተኛዋ» አልናት። ሁለቱን ቀዳሚዎች
ባጭሩ ልንገር፦
አንዷ ቦዬ ረግረግ ዳር ሰሚያሷ ተቆረጠ፤
አንዷ ጊቤን ወርዳ መውጣት ተሳናት፣
እንደ ጎመን ድስት ክዳኗን እያስነሣች
በኤንትሬ ተጎትታ ገባች፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ ቀን።
የሂርማታ ልጆች ግጥም አወጡላት።
ሸምሱ ግጥሙን ሰምቶ ደብተሩ ላይ ጻፈው፤
ከሥሩ «ሙቀት» ብሎ አሰመረበት።

ሦስተኛዋ ነቀምት ላይ ሰባት ሰዓት ሮጣ ፍሬኗ ጠፋ።
ወዳጆ፣ የቦንጋ መስመር ሹፌር የነበረው፣
ባቄላ ማሳ ውስጥ አቆማት።
የባቄላውን ከፍለን ተመለስን።
አዋሳ ላይ ከዘጠኝ አምስተኛ ወጣች፤
ሽልማቱ አንድ ጣሳ ግራሶ።
ሸምሱ ጣሳውን ሳይከፍተው ሞተ።

ከዚያ የኛው ተራ። አሮጌው አውሮፕላን ሜዳ፣
አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ከምሽት እስከ ንጋት።
ያዲሳባዎቹ፣ ጓንታቸው የነጣ፣
አንዱ አፍንጫዋን አይቶ ሳቁ መጣ።
ሸምሱ መልስ አልሰጠም፤ ሰማይ ሰማይ ሲያይ
ጭጋግ ይጠብቃል ከቦዬ ወዲያ ላይ።

ሌሊት ስምንት ሲሆን ጭጋጉ ደረሰ፤
የየሰው መብራቱ በየፊቱ ፈሰሰ።
ወዳጆ ግን ጭጋግ ያሳደገው ሰው ነው፤
መታጠፊያውን በሽታ፣ በርጥብ ሣር ለየው።
ዘቢባ ባባቷ ሰዓት እየቆጠረች
ላንድ ዙር አንድ ጭረት፣
አምስት አምስቱን እንደ ጭራሮ አሰረች።
አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁለተኛ ነበርን፤
አንደኛው ሲያስል ይሰማን ነበር።

እኔ ክሪክ ያዥ ነኝ። ዕድሜዬ አሥራ አራት፣ እንደ ወንበሯ።
መጨረሻ የተቀየረው ጎማ የኋላ ቀኙ ነው።
አራት ዳዶ ነበር።
ሦስቱን አጠበቅሁ። አራተኛው መዳፌ ውስጥ
ትኩስ ነበር፤ እንቅልፍም ነበር፤
ወዳጆ «ጨረስክ?» ሲለኝ «አዎ» አልኩ።

ከዚያ ድምፅ።
ከዚያ ድምፅ የለም።
ጎማው ብቻውን ከጭጋጉ ወጣ፣ አለፈን፣
መልእክት እንደያዘ ሰው ቸኩሎ፣
ሣሩ ውስጥ ሄዶ ተኛ።
ወዳጆ በእግሩ መጣ፣ ግንባሩ ደም፣ እየሳቀ።

ሸምሱ ወደ መኪናዋ ሄዶ ጎንበስ አለ።
ብሎኖቹን በጣቱ ዳሰሰ፤ ቆጠረ፤ ቀና ብሎ አየኝ።
ለሰዉ «ብረቱ አርጅቶ ነው» አለ።
ለኔ ዳቦ ቆርሶ ሰጠኝ፣ ትልቁን ግማሽ።

ሞተሯ ዛሬ ሰቃ ወፍጮ ቤት በቆሎ ይፈጫል።
ተራዬ ሲደርስ ሌላ ሰው አስቀድማለሁ፣ ትንሽ ልስማት ብዬ፤
ማርሽ የሚቀይርላት የለም፣ ባንድ ድምፅ ትሄዳለች።
ደብተሩን ዘቢባ ሰጥታኛለች፦ መቶ ዘጠና ስድስት ጭረት፣
ከዚያ አንድ ግማሽ፣ እስክሪብቶው የተነሣበት።
ዳዶው ኪሴ ነው። ከሱሪ ወደ ሱሪ ሳዛውረው
ሚስቴ አየችኝና «የምንድን ነው?» አለች።
«የመኪና» አልኳት።
«የትኛዋ?»